ቤት የሌለው በር

በሠፈሩ ውስጥ ብረት በያጁን በስሙ የሚጠራው የለም። «ለጊዜው» ነው የሚሉት። ስሙን ያወጣለት የገዛ አፉ ነው። የደንበኛ ሥራ ሲያዘገይ «ለጊዜው መብራት ጠፍቶ ነው» ይላል። የወርክሾፑ ጣራ ሲያፈስ ከሥሩ ባልዲ ያስቀምጥና «ለጊዜው ነው» ይላል። ጣራው ሳይጠገን ባልዲው አርጅቶ በሌላ ባልዲ ተተክቷል። እጁን ግን ማንም አያማውም፤ የበየደው ብረት አይላቀቅም።

በወርክሾፑ ደጃፍ የሚያልፈው የእግረኛና የብስክሌት መንገድ አዲስ ነው። ቀድሞ ሁለት ቁራጭ መንገዶች ነበሩ። አንዱ ከሆስፒታሉ ይወርድና ወንዙ ዳር ሲደርስ ያበቃል፤ ሌላው ከገበያው ይመጣና ከወንዙ ማዶ ያበቃል። በመካከሉ የሚሻገር ሰው ከጭነት መኪና ጋር እየተጋፋ ነበር የሚሻገረው። ከተማው ዘግይቶም ቢሆን አገናኛቸው። ወንዙ ላይ ትንሽ ድልድይ ቆመ፣ በወርክሾፖቹም ፊት ለፊት ለእግርም ለብስክሌትም የሚበቃ ንጣፍ ተዘረጋ። የድልድዩን የብረት መደገፊያ የሠራው ማን ይመስላችኋል? ለጊዜው ራሱ ነው። በምረቃው ቀንም ከሁሉ አስበልጦ አጨበጨበ።

በመንገዱ ከማንም በላይ የተደሰቱት ግን እናቱ ናቸው። ከእሱ ጋር ከወርክሾፑ ጀርባ ይኖራሉ፤ ታናሽ እህታቸው ደግሞ ከወንዙ ማዶ። ድልድዩ ሳይሠራ ለልቅሶና ለሠርግ ካልሆነ አይገናኙም ነበር። መንገዱ ከተቀጠለ ወዲህ ግን ከሰዓት በኋላ እናትየው ልጃቸው ከቱቦላሬ ብረት በሠራላቸው ባለ ጎማ መደገፊያ እየተመረኮዙ ወደ እህታቸው ይሄዱ ጀመር። ከሆስፒታሉ በብስክሌት የምትመለሰው ነርስ ከኋላ ደወሏን እያቃጨለች «እማማ፣ በግራዎ ነኝ!» ስትላቸው፣ «እለፊ ልጄ፣ እኔም ጎማ አለኝ!» ይሏታል።

አንድ ቀን አንድ ደንበኛ ሁለት ተከፋች ያለው ትልቅ የላሜራ በር አዘዘ። በሩ ተሠርቶ አለቀ፤ የደንበኛው አጥር ግን አላለቀም። ለጊዜውም በሩን ሁለቱንም ፊት ቀለም ለመቀባት እንዲመቸው የብረት እግር አበጅቶለት ከወርክሾፑ ግድግዳ እስከ አስፋልቱ ጠርዝ በመንገዱ ላይ ገተረው። ቀለሙ ደረቀ። በሩ አልተነሳም። ይህን ያየው ጎረቤቱ ጎሚስታ «እሱ በር ካቆመ እኔ ጎማ ብደረድር ማን ይከሰኛል?» አለና ደረደረ። ሶፋ ሠሪውም ሶፋዎቹን ፀሐይ ላይ አወጣ።

ነርሷ ብስክሌቷን አቁማ «ወንድሜ፣ ይህ እኮ መንገድ ነው» አለችው።

«አስፋልቱ ሰፊ አይደል እንዴ? አንዴ ወርደሽ ብትወጪ ምን ትሆኛለሽ?»

«ምን እንደምሆንማ የጭነት መኪናውን ሾፌር ጠይቀው።»

«አንቺ ደግሞ! ለጊዜው ነው አልኩሽ እኮ!»

ነርሷ ብስክሌቷን አዙራ ሄደች። ከዚያ በኋላ ደወሏ በዚያ ደጃፍ አልተሰማም።

እናትየው አንድ ጊዜ ሞክረዋል። መደገፊያውን ወደ አስፋልቱ ሲያወርዱ ጎማው ከጠርዙ ሥር ተቀረቀረ። ከኋላቸው የጭነት መኪና ጥሩምባ ሲያምባርቅ፣ አንድ መንገደኛ ሮጦ ከነመደገፊያቸው እንደ ዕቃ አንስቶ አወጣቸው። ለልጃቸው አልነገሩትም። ልጅን በገዛ ሥራው ማሳፈር ከበዳቸውና «ጉልበቴን አሞኝ ነው» ብለው ቤት ዋሉ።

ልጅ መጥፎ ልጅ አይደለም። ቅባት ገዝቶ አመጣ። «እማዬ፣ እግርሽን አንቀሳቅሺው እንጂ!» ይላቸው ነበር።

«የት ላንቀሳቅሰው?» አሉት እናቱ።

ቀልድ መስሎት ሳቀ። «ታክሲ ልጥራልሽ?» ሲላቸውም «ተወው፣ ሌላ ቀን» አሉ። መደገፊያው ከቤታቸው በር ኋላ ያለ ሥራ ቆመ። ለጊዜው የሥራ ካፖርቱን ሰቀለበት።

ከወንዙ ማዶ ያሉት አክስቱ ደግሞ ሌላ ሐሳብ ገብቷቸዋል። በመጨረሻ በተገናኙበት ቀን «ልጅሽ መቼ ነው የሚያገባው?» ብለው እናትየው «ለጊዜው ብቻውን ነው» ሲሉ፣ «ጊዜውማ ሸበተ!» ብለው ስቀው ነበር። እህታቸው ሲቀሩባቸው ቀልዱ ያስቀየማቸው መሰላቸው። ደወሉ። «ጉልበቴን ነው» ተባሉ። ስለ ጉልበት እንዲህ ድርቅ ያለ መልስ አይሰጥም ብለው እሳቸውም አኮረፉ። አንድ በር ሁለት እህትማማቾችን አኳረፈ፤ አክስትየዋ ግን በሩን አልጠረጠሩትም።

ኩርፊያው የሰለቸው መጀመሪያ አክስትየዋን ነው። አንድ ጠዋት ሶፋውን ዞረው፣ ጎማውን ታክከው መጡና በመንገዱ ላይ ከተገተረው በር ፊት ቆሙ። አሻቅበው አዩት። ከዚያ በጡጫቸው ደበደቡት።

«ቤቶች!»

ለጊዜው ከብየዳው ቀና ሳይል «ማነው?» አለ።

«እንግዳ ነኝ! ክፈቱልኝ!»

የብየዳ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ መጣና ከትልቁ በር ላይ ያለችውን ትንሿን በር ከፍቶ አጮለቀ። «አክስቴ! ምን ሆነሽ ነው የምታንኳኪው?»

«በር አይደል እንዴ? በር ሲያዩ ማንኳኳት ነው። ቤቱ ግን የታለ?»

«ቤት የለውም፤ ለጊዜው ያቆምኩት ነው።»

«እኔማ የሰውን መንገድ አጥረህ ቤት የሠራህ መስሎኝ እንኳን ደስ ያለህ ልልህ ነበር። እናትህስ? አኩርፋኝ ነው ወይስ ቆልፈህባት?»

ድምፃቸውን የሰሙት እናት ግድግዳ ይዘው ወጡ።

«እትዬ፣ ተቀየምሽኝ?» አሉ አክስትየዋ በትንሿ በር አንገታቸውን አስግገው።

«በምን እቀየምሻለሁ?»

«ታዲያ ለምን ቀረሽ?»

እናትየው ሊመልሱ ሲሉ ልጅ ቀደማቸው። «ጉልበቷን አሟት እኮ ነው አክስቴ። ታክሲ ልጥራልሽ ብላት እንኳ እምቢ አለች።»

«እኔ መኪና አላጣሁም ልጄ» አሉ እናቱ። «መንገድ ነው ያጣሁት።»

ለጊዜው አፉን ከፈተ። የለመዳት ቃል ምላሱ ጫፍ ድረስ መጥታ ነበር፤ እናቱን አይቶ ዋጣት። ገብቶ ካፖርቱን ከመደገፊያው ላይ አነሳ። ከዚያ ጎሚስታውን ጠራው። «ና እስቲ ይህን በር ያዝልኝ።»

«ወዴት ልትወስደው? ለጊዜው እዚሁ ይሁን እንጂ!» አለ ጎሚስታው፣ የገዛ ቃሉን እየመለሰለት።

«ያዝ ስልህ ያዝ!»

በሩ ወርክሾፑን ሞልቶት ከብየዳ ማሽኑ ጋር ተፋጠጠ። በሩ እስኪወሰድ ለጊዜው ጎኑን እያሾለከ ሠራ። ጎሚስታውም እያጉረመረመ ጎማውን አስገባ። እምቢ ያለው ሶፋ ሠሪው ነበር፤ «ቫርኒሹ ሳይደርቅ አላነሳም» አለ። አክስትየዋ መንገዱ መሃል ካለው ሶፋ ላይ ተመቻችተው ተቀመጡ። «መንገድ ላይ ያለ ወንበር ለመንገደኛ ነው» አሉና እግራቸውን ዘረጉ። ሰው ተሰብስቦ ሲስቅ ሶፋው ተነሳ።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ሁላችንም ደስ ብሎን እንለያይ ነበር። ግን የእናትየው ጉልበት እንደ በሩ በአንድ ቀን አልተነሳም። ወጌሻውም ሐኪሙም ያሉት አንድ ነው፤ የቆመ እግር ይረሳል። ቀድሞ ሳያርፉ ይሻገሩት የነበረውን ድልድይ ዛሬ እስከ መሃሉ ብቻ ይደርሳሉ። ልጃቸው እዚያው ከድልድዩ መደገፊያ ብረት አጠገብ መቀመጫ በይዶላቸዋል። እህታቸው ከማዶ እስከዚያ ይመጣሉ። የቀረችው ግማሽ መንገድ የ«ለጊዜው» ዋጋ ናት።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ከተማ መንገድን ከመንገድ ሊያገናኝ፣ ድልድይም ሊዘረጋ ይችላል። በየደጃፋችን የምንበጥሰውን ግን ማንም መሐንዲስ ቀጥሎ አይጨርሰውም። አሸዋ ያፈሰስክ፣ መኪና ያቆምክ፣ ዕቃ የዘረጋሽ ሁሉ፣ አስፋልቱ ሰፊ ነው አትበሉ። ለእናንተ አንዲት እርምጃ የሆነችው ለሌላው ገደል ናት። ገደል የሆነችበት ሰው ደግሞ መጥቶ አይከሳችሁም፤ ዝም ብሎ ቤቱ ይቀራል።

ነርሷ ሰንብታ ተመለሰች። አክስትየዋ ግን ቂም አይረሱም። እህታቸውን እስከ ደጃፉ ሸኝተው በሩ ተገትሮ ከነበረበት ቦታ ሲደርሱ ዛሬም ቆም ይላሉ፤ ጡጫቸውን አንስተው ባዶውን አየር ያንኳኳሉ።

«ቤቶች!»

ለጊዜውም ከብየዳው ቀና ብሎ መመለስ ግዴታው ነው።

«ይግቡ፣ ክፍት ነው!»