በእትዬ ብርቱካን በር ላይ የጠራሁት ስም

እኔ ሰው «ሐይቁ ዳር እንዲህ ያለ ነገር ታየ፣ እንዲህ ያለ ድምፅ ተሰማ» ሲለኝ «ስንት ጠጥተህ ነበር?» ብዬ የምመልስ ሰው ነኝ፣ ሚስቴ ሌሊት ስምህ አንዴ ብቻ ከተጠራ አቤት እንዳትል ስትለኝ ሆን ብዬ አቤት እላለሁ፣ ሥራዬም የፋብሪካ ኤሌክትሪክ ነው፣ ሽቦ ተነካክቶ ካልሆነ በቀር ነገር ከመሬት ተነስቶ አይጮህም። አሁንም ቢሆን አምኛለሁ አልልም። የሆነውን ብቻ ልንገራችሁና እናንተው ፍረዱ።

ሰፈራችን ባሕር ዳር ነው፣ ከሐይቁ ብዙም አይርቅ፣ ሌባ ሲበዛብን፣ ዛሬ የውሃ ቆጣሪ ነገ የሰው በግ ሲጠፋ፣ ሮንድ ጀመርን፣ ከየቤቱ አንድ ወንድ በየተራው ዱላና ባትሪ ይዞ እየወጣ ሰፈሩን ይጠብቃል። አስተባባሪ ማን ይሁን ሲባል ሁሉም አቀርቅሮ መሬት መሬት ያያል፣ እኔ ቀና ብዬ ተገኘሁና እኔ ላይ ወደቀ። ወዳጆቼ፣ ሰውን በነፃ ማገልገል ምን እንደሆነ ካልቀመሳችሁት አታውቁትም፣ ተራው ሲደርስ ወገቡን የማያመው የለም፣ አንዱማ አማቱን በየወሩ ይቀብራቸዋል። ስለዚህ ሲመሽ ከየበሩ እየቆምሁ ባለተራውን በስሙ እጠራለሁ፣ «መጣሁ» ካላለኝ ከዚያ በር ንቅንቅ አልልም።

ደጋግሞ የማያስጠራኝ አንድ ልጅ ብቻ ነበር፣ አንተነህ፣ የእትዬ ብርቱካን ልጅ። እሳቸው ባላቸው ከሞተ ቆይቷል፣ ከእሱ ሌላ ልጅ የላቸውም፣ እሱ ነው በጀልባ ወደ ደቅ ደሴት ሸቀጥ እያመላለሰ የሚያኖራቸው። ስጠራው «መጣሁ፣ ጫማዬ የት አለ?» ይላል፣ ሁልጊዜ ይችኑ ነው የሚል፣ ወዲያው ይወጣል።

አንድ ቀን ጀልባዋ በነፋስ ተገለበጠች። አብሮት የነበረው ጓደኛው ዋኝቶ ወጣ፣ አንተነህ ሲሰምጥ ግን በዓይኑ እንዳየ ምሎ ተናገረ። ሬሳው ቢፈለግ ቢፈለግ አልተገኘም፣ የተገኘ ጫማው ብቻ ነው፣ ጀልባ ላይ ሲሆን አውልቆ ከረጢት ውስጥ ያስረዋል። ጫማውን የእድራችን ሊቀ መንበር ጋሼ ሙሉ ቤታቸው ደበቁት፣ እናትየው ደግሞ «ደቅ ላይ ሥራ ይዞ ነው፣ ኔትወርክ ስለሌለ ነው የማይደውል» ተባሉ። መቼም አገሩን ታውቁታላችሁ፣ ሰው እንዲህ ያለ ነገር በድንገት አይነገረውም። ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፣ እሳቸው ብቻ አያውቁም፣ በየመንገዱ «አንተነህን ያየ ሰው አለ?» ሲሉ ዓይናችንን እንሸሻለን። በመጨረሻ ሬሳው እንደማይገኝ ሲቆረጥ ሽማግሌዎች መክረው መርዶው ይነገር አሉ፣ ነገ ጎሕ ሲቀድ፣ እኔም ጎረቤቱን በሮንዱ በኩል እንዳስቀሰቅስ ታዘዝሁ።

ያን ቀን ማታ ነው እንግዲህ። ገና ራት አልቀረበም፣ መንገድ ላይ ሰው ይተላለፋል፣ ባለሱቁ ሰይድ ተራው ስለነበር ከፊት ከፊቴ እየሄደ ነው። እኔ የእትዬ ብርቱካን በር ላይ ስደርስ ሐሳቤ ሁሉ ጎሕ ላይ ነበር፣ ማን ቀድሞ ይገባል፣ ማን እጃቸውን ይይዛል እላለሁ፣ አፌ ግን የለመደውን አደረገ፣ «አንተነህ፣ ተራህ ነው» ብዬ ተጣራሁ።

«መጣሁ፣ ጫማዬ የት አለ?»

እመኑኝ፣ ያኔ አልደነገጥሁም። «ቶሎ በል» ብየው አልፌ ሄድሁ፣ ቀጣዩ በር ጋ ደርሼ ሌላ ስም ልጠራ አፌን ስከፍት ነው የመለሰልኝ ማን እንደሆነ የገባኝ። ዞር ብዬ ቆምሁ። ከግቢው ውስጥ ዕቃ ሲገፋ፣ ሳጥን ሲጎተት ይሰማል፣ ሰው አልጋ ሥር ገብቶ የሚዳብስ ነው የሚመስል። ከዚያ የቆርቆሮው በር መቀርቀሪያ ተሳበ፣ በሩ ተከፈተ፣ የወጣ ሰው ግን አላየሁም። ትንሽ ቆይተው እትዬ ብርቱካን ጋቢ ይዘው ብቅ አሉ።

«ደሳለኝ፣ ባዶ እግሩን ወጣ እኮ፣ ጋቢውንም ትቶ። በየት በኩል ሄደ?»

«ማን እትዬ?»

«አሁን የጠራኸው ነዋ። እኔ ኩሽና ነበርሁ፣ መቼ እንደገባ እንኳ አላየሁት።»

ትቻቸው ወደ ሰይድ ሮጥሁ። ሰይድ ጋ ስደርስ ፊቱ አመድ መስሏል። «አንተ ስትጠራ ሰምቻለሁ፣ ሌላ አልሰማሁም፣ ቢጠይቁኝም አልሰማሁም ነው የምል» አለኝና ዱላውን ለእኔ አስይዞ ወደ ቤቱ ገባ። ከዚያ ወዲህ ሮንድ ወጥቶ አያውቅም።

ለጋሼ ሙሉ ሄጄ ነገርኋቸው። «ድካም ነው ደሳለኝ፣ ይህን ያህል ጊዜ ደብቀነው ሁላችንም ታመናል» አሉኝ፣ «ሞቶ ያልተለቀሰለት ልጅ እስከ መቼ? ያልነው ይሆናል።»

ጎሕ ሲቀድ ገባን። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው እንባቸውን ይዘው ቆመዋል፣ ጋሼ ሙሉ «እትዬ ብርቱካን፣ እግዜር የሰጠውን እግዜር ይወስዳል» ብለው ጀመሩ፣ ነገሩ ቢከብዳቸው ጫማውን ከፌስታል አወጡና አስቀደሙት። እትዬ ብርቱካን ተቀበሏቸው፣ አገላብጠው አዩት፣ በቀሚሳቸው ጫፍ ጠረጉት።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ ማታ ሲፈልገው የነበረ ይኸው ነው» አሉና በር ሥር አስቀመጡት።

ጋሼ ሙሉ «ሞቷል እኮ፣ ሐይቁ ወስዶታል» አሏቸው፣ ግልጹን። እሳቸው ግን ወደ እኔ ነው የዞሩ።

«ደሳለኝ፣ ማታ ጠርተኸው ሲመልስልህ ሰምተሃል አልሰማህም?»

ሰው ሁሉ እኔን ያያል። ጋሼ ሙሉ ራሳቸውን ይነቀንቁልኛል፣ አልሰማሁም በል ነው። አልሰማሁም ብል እንደሚያለቅሱ፣ አልቅሰውም እንደሚወጣላቸው አውቃለሁ፣ ሞኝ አይደለሁም። ግን ሰምቻለሁ፣ ምን ላድርግ? በልጃቸው ሞት ላይ ዓይናቸውን እያየሁ እንዴት ብዬ ልዋሽ? «ሰምቻለሁ እትዬ» አልሁ።

መርዶው እዚያው ፈረሰ። አንዲት ሴት ልታለቅስ አፏን ስትከፍት ሌላዋ በእጇ አፈነቻት፣ ከዚያ አንድ በአንድ ወጣን። ለአንተነህ ድንኳን አልተተከለለት፣ ፍትሐት አልደረሰለት፣ ቄሱም ቢሆኑ «እናቱ ‹ልጄ አለ› እያለች እኔ ምን ብዬ ልጀምር?» አሉ። ጋሼ ሙሉ ሰላምታዬን እንኳ አይቀበሉኝም። ሮንዱም ፈረሰ፣ በዚያ መንገድ አመሻለሁ የሚል ሰው ጠፋ፣ ሌባው ግን ሥራውን አልፈታም።

እኔ ብቻ ቀረሁ። ሲመሽ እወጣለሁ፣ ሮንድ ልጠብቅ ሳይሆን እትዬ ብርቱካን በራቸውን ወለል አድርገው ከፍተው ስለሚጠብቁኝ ነው። «ጥራልኝ» ይሉኛል። እጠራለሁ። ዝም ነው። ትንሽ እንቆማለን፣ ከዚያ «ደክሞት ይሆናል፣ ነገ ትጠራዋለህ» ብለው ይገባሉ፣ እኔም ወደ ቤቴ። ሚስቴ ተው ትለኛለች። ብተወውስ? ብቀጥልስ? እትዬ ብርቱካን አያለቅሱ ነገር አላመኑ፣ አይደሰቱ ነገር ልጁ የለ፣ እዚህ ያደረስኋቸው እኔ ነኝ፣ መመለሻውን ደግሞ አላውቀውም።

ባለፈው ሳምንት እንደልማዴ ሄድሁ። በሩ ገርበብ ብሏል፣ ወለል አላለም። ልጠራ ጉሮሮዬን ስጠራርግ እትዬ ብርቱካን በክፍተቱ ብቅ ብለው ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ። ፊታቸው ላይ ከስንት ጊዜ በኋላ ፈገግታ አየሁ።

«ዛሬስ አትጥራው» አሉኝ ቀስ ብለው፣ «ገና አሁን ነው እንቅልፍ የወሰደው።»

በሩን ዘጉና ከውስጥ ቀረቀሩት። እኔም ዱላዬን ይዤ እዚያው ቆሜ ቀረሁ፣ ከእንግዲህ ማንን ከማን እንደምጠብቅ ጠፍቶኝ።