ያልተሰማው የአያ ዋቅወያ ኑዛዜ

ወይዘሮ በዛብሽ ፊደል አልቆጠሩም፤ ለፊደል ቆጣሪም አንገታቸውን ደፍተው አያውቁም። በነቀምቴ፣ ቡርቃ ጃቶ ሰፈር፣ ዕርቅ ቢሆን ልቅሶ ያለ እሳቸው አይቀናም። ጎረቤታቸው አያ ዋቅወያ በጠና ታመው የኑዛዜ ምስክር ሲፈልጉም መጀመሪያ የተጠሩት እሳቸው ነበሩ።

አያ ዋቅወያ አልወለዱም። ድርቤን ግን ጡት እንደጣለች በጉዲፈቻ አምጥተው አሳደጓት፤ እሷም አልጋ ላይ ሲውሉ አጥባ፣ አጉርሳ፣ አገላብጣ ጦረቻቸው። ጉዲፈቻውን አገር ያውቀዋል፤ ፍርድ ቤት አያውቀውም። ስለዚህ ቤቱ ለድርቤ እንዲሆን ኑዛዜ የግድ ነበር።

«ጠበቃ አልቀጥርም» አሉ አያ ዋቅወያ። «የገዛ ቤቴን ለገዛ ልጄ ለመስጠት ጠበቃ ምን ያደርግልኛል?»

እውነታቸውን ነበር። ማመልከቻ ጸሐፊው ተክለጻድቅ በኦሮምኛ የነገሩትን በአማርኛ ጻፈና ጉሮሮውን ጠረገ።

«አሁን ላንብብ። በእሳቸውና በአራታችሁ ምስክሮች ፊት መነበቡም ወረቀቱ ላይ ይሰፍራል። የጃንሆይ ሕግ እንዲህ ይላል።»

ወይዘሮ በዛብሽ እንደ ተርብ ተነሡ።

«አንተ ሟርተኛ! ኑዛዜ የሚነበበው ከቀብር መልስ ነው። ሰውየው እየተነፈሰ ‹ስሞት፣ ስሞት› እያልክ ልታነብበት ነው?»

«እማማ፣ ባይነበብ እኮ…»

«ባይነበብ ምን? እኛን ነው የምትጠረጥረው እሱን? የሰው ጓዳ ማዳመጥ ነውር ነው። አምጣ ቀለሙን!»

«ዱጋ ነው፣ እውነቷን ነው» አሉ ሌላው ምስክር አያ ባቻ። ድርቤ በሩ ሥር ቆማ ተክለጻድቅን አየችው፤ ታላላቆች ባሉበት ምን ትበል? ታማሚውም ምስክሮቹም አውራ ጣታቸውን በቀለም ነክረው አተሙ። ወረቀቱ ታጥፎ ትራስ ሥር ገባ።

ኑዛዜው አልተነበበም። አያ ዋቅወያ ግን ወር ሳይሞላ ሞቱ።

ያን ጊዜ የወንድማቸው ልጅ ጨመዳ ከሲሬ መጣ። በሕመማቸው ብርጭቆ ውሃ ያላቀበለ ሰው፣ ቀብር ላይ ከሁሉ በላይ ጮኸ። እንባው ሳይደርቅ ውርሱን ጠየቀ፤ ኑዛዜውም ይፍረስልኝ ብሎ ከሰሰ።

ዳኛው ወይዘሮ በዛብሽን አስማሏቸው።

«ኑዛዜው በሟች ፊት ሲነበብ ሰምተዋል?»

ወይዘሮ በዛብሽ ዞረው ድርቤን አዩ። «አዎ» ማለት አማራቸው፤ ነገር ግን ወረቀቱ ተነበበ አይል፣ እጃቸውም ከመጽሐፉ ላይ ነው።

«አልሰማሁም።»

«ለምን?»

«ሟርት ነው ብዬ ያስቆምኩት እኔው ነኝ።»

ኑዛዜው ፈረሰ፤ ቤቱ ለጨመዳ ሆነ። ድርቤ አባቷን ታጥብበት የነበረውን ሳፋ ይዛ ወጣች። ወይዘሮ በዛብሽ ደጃፏ ላይ ጠበቋት።

«ልጄ፣ እኔ ዘንድ ግቢ።»

«እማማ፣ ያን ቀን ዝም ብለው ቢሆን ኖሮ እቤቴ ነበርኩ» አለችና ወደ አኖ በሚሄደው መኪና ተሳፈረች። ከዚያ ወዲያ ሰፈሩን አልረገጠችም።

ሰፈርተኛው «ጠበቃ ባለመቅጠራቸው ነው የተበሉት» ሲል ወይዘሮ በዛብሽ ምራቃቸውን እንትፍ አሉ።

«ጠበቃ አይደለም የቸገራቸው፤ ሰሚ ነው። ሰሚ የነሣናቸው ደግሞ እኛው ነን።»

እውነትም ሕጉ የፈለገው የጠበቃ ምላስ አልነበረም፤ ጎረቤቶች ቁጭ ብለው እንዲሰሙና መስማታቸው እንዲጻፍ ብቻ ነበር። ይህን ለማድረግ ከፍራቻና ከኩራት በቀር የሚከለክል የለም።

በሰንበት ወይዘሮ በዛብሽ የራሳቸውን ኑዛዜ ሊያጽፉ ምስክሮችን ጠሩ። ተክለጻድቅ ጽፎ ሲጨርስ አያ ባቻ እንደ ልማዳቸው አውራ ጣታቸውን ወደ ቀለሙ ሰደዱ።

«እጅህን ሰብስብ! መጀመሪያ ጆሮህን አምጣ» አሏቸው ወይዘሮ በዛብሽ። «አንተም አንብብ ተክለጻድቅ። ‹ስሞት› ከምትለው ጀምር፤ ጮክ በል።»

«ኧረ አንቺ ሴት፣ ሞትን በስሙ አትጥሪው» አሉ አያ ባቻ።

«ሞት ሳይጠሩትም ይመጣል» አሉ ወይዘሮ በዛብሽ። «ጨመዳን ግን የጠራነው እኛ ነን።»