ረቂቅና እምቢተኛው ግድግዳ

ረቂቅ ዛሬ ከእንቅልፏ የነቃችው ተናዳ ነው። ከንፈሯ ሾሏል፣ ፊቷ ተኮሳትሯል።

አብረዋት የሚተኙት ሁለቱ ወንድሞቿ ሌሊቱን ሙሉ ሲራገጡባት አደሩ። አንዱ ጎኗን፣ አንዱ ጀርባዋን። ድም! ድም!

«ተናድጃለሁ! በጣም፣ በጣም ተናድጃለሁ!» አለች ረቂቅ።

«እውነትሽን ነው የኔ እናት» አለች እማዬ። «ዕቃ ቤቷን ባዶ አድርገናታል። ግድግዳዋን ቀለም ስንቀባው ያንቺ ክፍል ትሆናለች።»

የራሷ ክፍል! ረቂቅ እየሮጠች ልታያት ሄደች።

የዕቃ ቤቷ ግድግዳ የጭቃ ነው። በጭቃው ላይ ጋዜጣ ተለጥፏል። በጋዜጣው ላይ ሌላ ጋዜጣ፣ በዚያም ላይ ሌላ! ድሮ እዚህ የኖሩ ሰዎች በዓል በመጣ ቁጥር በዱቄት ሙጫ ሲለጥፉ ኖረዋል።

«መጀመሪያ ጋዜጣው ይነሳል» አለች እማዬ። «ከዚያ ቀዳዳው ይደፈናል። ከዚያ ይደርቃል። ከዚያ ቀለም።»

ከዚያ! ከዚያ! ከዚያ! ረቂቅ «ከዚያ» የሚባል ነገር አትወድም።

እማዬ የግድግዳ መፋቂያ ልትዋስ ጎረቤት ሄደች። ረቂቅም ብሩሹን አነሳች፣ ለክፍሏ የተገዛው ቢጫ ቀለም ውስጥ ነከረችና ጋዜጣው ላይ ለቀለቀችው። ሸርተት! ሸርተት!

ግድግዳው ቢጫ ሆነ። እንዴት ያምራል! ግን አልቆየም።

ጋዜጣው ማበጥ ጀመረ። እዚህ ጋ ቡፍ! እዚያ ጋ ቡፍ!

ቿ! ተገነጠለና ረቂቅ ራስ ላይ ወደቀ። ቀለሙም፣ ጋዜጣውም፣ አቧራውም።

«አንተ እምቢተኛ ግድግዳ!» ረቂቅ መሬቱን በእግሯ ደበደበችው። ዱብ! ዱብ! «ተናድጃለሁ! በጣም፣ በጣም ተናድጃለሁ!»

እማዬ በሩ ላይ ቆማለች። እሷም በጣም ተናዳለች።

«ጎሽ! አበጀሽ!» ብላ ጮኸች። «የቀለሙን ግማሽ ጨረስሽው!»

ሁለቱም ግድግዳው ላይ አፈጠጡ። ግድግዳው ዝም አለ። ግድግዳ ምን ይላል?

«ታዲያ ዛሬ እዚህ አልተኛም?» ረቂቅ እንባዋ መጣ።

«ዛሬማ አትተኚም» አለች እማዬ። እርጥብ ጨርቅ ሰጠቻት። «ነይ፣ ንዴታችንን እዚህ ላይ እንወጣው።»

ረቂቅ ጋዜጣውን አራሰችው። ሲርስላት ይዛ ጎተተችው። ቅድድ! እማዬም ፋቀችው። ክርትት!

«ይሄ ለእርግጫው!» ቅድድ! «ይሄ ራሴ ላይ ለወደቀው!» ቅድድ! «ይሄ ደግሞ ለ‹ከዚያ›!» ቅድድ!

ምሳ ሰዓት ሲደርስ ጋዜጣው አለቀ። ንዴቱ ግን ገና ነበር።

በማግስቱ ቀዳዳዎቹን በጄሶ ደፈኑ። ደረቀ? አልደረቀም። አሁንስ ደረቀ? አልደረቀም!

«ተናድጃለሁ!» አለች ረቂቅ። በጣቷ ግን አልነካችውም።

በሦስተኛው ቀን ደረቀ። በብርጭቆ ወረቀት አሹት። ሽክ! ሽክ! አቧራውን ጠረጉ። አሁን ቀለም!

የተረፈው ቢጫ ቀለም የበቃው አልጋዋ ለሚቀመጥበት ግድግዳ ብቻ ነው። ሌሎቹን ነጭ ኖራ ቀቧቸው። ቢጫው ግን አላበጠም። አልወደቀም።

ቀለሙ ሲደርቅ ረቂቅ በራሷ ክፍል፣ በራሷ አልጋ ላይ ወጣች። ግድግዳውን በእጇ ዳሰሰችው። ልስልስ ብሏል።

እማዬ ብርድ ልብስ አለበሰቻት። «አሁንስ ንዴቱ አለቀ?»

ረቂቅ አሰበች። «ትንሽ ቀርቷል።»

«በማን ላይ?»

«ባንቺ ላይ። ጮኸሽብኛል።»

እማዬ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች። «ልክ ነሽ፣ ጮኼብሻለሁ። ይቅርታ የኔ እናት።»

«እኔም ሳልጠይቅሽ ቀለሙን ስላባከንኩት ይቅርታ።»

እማዬ መብራቱን ልታጠፋ ተነሳች። ረቂቅ ቀሚሷን ያዝ አደረገቻት።

«እማዬ፣ ክፍሉ የኔ ነው አይደል?»

«ያንቺ ነው።»

«እንግዲያው አንቺም እዚህ ተኚ ብያለሁ።»

እማዬ ሳቀች። ጫማዋን አወለቀችና ጠጋ ብላ ተጋደመች። ረቂቅም አቀፈቻትና ለጥ ብላ ተኛች።