በጓሮ የመጣ መስቀል

ዲያቆን ወልደ ገብርኤል የዛገውን የብረት መስቀል በጋቢው ሸፍኖ፣ በጓሮ ዞሮ ቀጥቃጮቹ ቤት ደረሰ። ጣልያን ከወጣ አሥራ ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ ሰቆጣ ግን ዛሬም ማጭዱን ከቀጥቃጭ ይገዛል እንጂ ከቀጥቃጭ ጋር አይጋባም።

ይታየሽ ወናፏን ለቀቀች። አባቷ ጓንጉል ሙያውን ለሴት አላወርስም እንዳለ ነው የሞተው። እሷ ስንት ማጭድ አበላሽታ ራሷ ተማረችው።

«ምነው በጓሮ? በፊት በር ቡዳ ይበላል አሉህ?»

አንገቱን ደፋ። «የቤተ ክርስቲያኑን ዕቃ ቤት የምጠብቅ እኔ ነኝ። ለጥምቀት እንዲህ ዝጎ ከወጣ ለአባቴ ለቄስ ገብረ ሊባኖስ ምን እላቸዋለሁ?»

ጋቢውን ገለጠች። የተቀረጸው ሐረግ በዝገት ተደፍኗል፤ አንዱ ክንፍ ግን ልሙጥ ሆኗል።

«ማነው በአሸዋ የፈተገው?»

«እኔ።»

«ዝገቱን ትተህ ሐረጉን በላኸው! ቡዳስ አንተ!»

ሳቀ። ሳቁ ደስ ስላላት ፊቷን ወደ ፍሙ አዞረች።

«ግን የሴት እጅ እንዴት . . .»

«ይህን መስቀል ቅድመ አያቴ ሲቀጠቅጠው እሳቱን ያቀጣጠለችው ሚስቱ ነበረች። አምጣ!»

ስምንት ቀን ተመላለሰ፤ ስምንቱንም በጓሮ። በላምባ በተነከረ ጨርቅ እየጠቀለለች አሳደረችው፤ የላላውን ዝገት በቀንድ ጫፍ ከሐረጉ ውስጥ ለቀመች። እሱ የመስቀሉን ዘንግ ይይዝላታል።

«ቀስ! ሊጥ አይደለም» ትለዋለች።

መጨረሻ ላይ ፍም ዳር አሙቃ ሰም ቀባችው። ብረቱ ጥቁር ሆኖ አበራ።

«ከጥምቀት በኋላ የት ታኖሩታላችሁ?»

«በሐር ጠቅልለን ሣጥን ውስጥ።»

«እርጥቡን?»

«ጠበል ይጠረጋል እንዴ? ነውር ነው።»

«እንግዲያው በየዓመቱ የምትገድሉት እናንተ ናችሁ። ከውሃ እንደወጣ ጥረገው፣ አድርቀው፣ ሰም ቀባው።»

«ሕዝብ ፊት?»

«ሕዝብ ፊት።»

ጋቢውን አነሳ። ከዚያ በቀስታ፣ «ይታየሽ፣ ልቤ እዚህ ቀረ» አላት።

ደረቷ ውስጥ መዶሻ ወረደ። አፏ ግን አልተሸነፈም። «በጓሮ የመጣ ቃል በጓሮ ይመለሳል። መስቀልህን ውሰድ።»

ከሄደ በኋላ እሳቱ ላይ ብረት ሳይኖር ወናፉን ስትነፋ ዋለች።

ለጥምቀት ከእናቷ ከእማዋይሽ ጋር ከሴቶቹ ሁሉ ኋላ ቆመች። ቄሱ መስቀሉን ከውሃው አውጥተው ለልጃቸው ሰጡት። ሐሩ ቀረበ። ወልደ ገብርኤል አልተቀበለም፤ ከወገቡ ነጭ ጨርቅ ፈትቶ መስቀሉን ይጠርግ ጀመር።

ሕዝቡ አጉረመረመ።

«አንተ! ጠበል ይጠረጋል? ማን አስተማረህ?» አሉ ቄሱ።

«የጓንጉል ልጅ ይታየሽ ናት፣ አባቴ።» መስቀሉን ከፍ አደረገ። «መስቀሉን ከዝገት ያወጣችው እሷ ናት። ሽማግሌ የምልከውም ወደ እሷ ነው።»

እማዋይሽ የልጇን ክንድ ጨበጠች። ይታየሽ ግን ቀና ብላ ቆመች።

ቄስ ገብረ ሊባኖስ ልጃቸውን አዩ፤ መስቀሉን አዩ። ከልጅነታቸው ጀምሮ ያላዩት ሐረግ ፀሐይ ላይ ወጥቷል።

«እንግዲያው» አሉ፣ «ደህና አድርገህ አድርቀው።»

ሽማግሌዎቹ በገበያ ቀን፣ ገበያውን መሐል ለመሐል ሰንጥቀው መጡ።

«ልጄ፣ መጡ!» አለች እማዋይሽ እየሮጠች።

«በየት በኩል?»

«በፊት በር!»

ይታየሽ ሰም የነካ እጇን ጠረገች።

«ይግቡ።»