ውሃው ሳይሞላ የተበተነ ምግብ

ዶክተር ተክለኣብ ልደታ ሰፈር፣ ከኮንዶሚኒየሞቹ ጀርባ ባለው ግቢው ውስጥ፣ አኔሞኒ የተባሉ የባህር እንስሳት ከሚያረባበት ገንዳ ሥር በግንባሩ ተደፍቶ ተገኘ። ማጅራቱን በድንጋይ ተመትቷል። ኢንስፔክተር ሀረገወይን ስትደርስ የሟቹ ተማሪ መቅዲ በካቴና ታስራ ታለቅስ ነበር። ሬሳውን ያገኘችው እሷ ናት፤ ለፖሊሶቹ ይኸው በቂ ሆኗል። ሀረገወይን ደግሞ የችኮላ ካቴና አይጥማትም።

የሟቹ ሚስት ደላዊት ዓይኗን ከልጅቷ ላይ አልነቀለችም።

«አስር ሰዓት ላይ እንስሳቱን ሽሪምፕ ሲያበላ ትቼው ተክለ ሃይማኖት ሄድኩ። ከዚያ በኋላ የገባችው ይቺ ናት።»

«እርስዎ ገንዳውን ያውቁታል?»

«ስምንት ዓመት ቤቴ ሲቀመጥ አንድ ቀን ዞር ብዬ አላየሁትም። ጣውንቴ ነው።»

ረዳቱ ሃይልኣብም ቅናቱን አልደበቀም። «ጥናቱን ከእኔ ነጥቆ ለመቅዲ ሰጣት። አንጀቴ አሯል፤ ግን አልገደልኩትም።»

ሀረገወይን ገንዳው ላይ አጎነበሰች። አበባ የሚመስሉት እንስሳት ድንጋዩ ላይ ተለጥፈዋል፤ ከታች ውሃው ውስጥ ያሉት ትልልቅ፣ ከላይ ያሉት ትንንሽ ናቸው።

«ለምን እንዲህ ተበላለጡ?»

«በባህር ዳርቻ ውሃ ይሞላል፣ ይጎድላል፤ ፓምፑ እሱን ነው የሚያስመስለው» አለ ሃይልኣብ። «ከላይ ያሉት ውሃ ሲጎድል እርጥበታቸውን ይዘው ይጨማደዳሉ። የሚበሉት ሲሞላ ብቻ ስለሆነ አያድጉም።»

«ዛሬስ ሞልቶ ነበር?»

«ከቀትር ጀምሮ መብራት የለም። ፓምፑም አልሠራም፤ ውሃው እንደጎደለ ነው።»

ሀረገወይን ሦስቱንም ገንዳው አጠገብ ሰበሰበቻቸው።

«ሽሪምፑ ከላይ በተጨማደዱት ላይ እንደተጣለ ደርቋል። ዶክተሩ ውሃ ሳይሞላ አያበላም፤ አስር ሰዓት ላይ ደግሞ ውሃ አልነበረም። መቅዲና ሃይልኣብ ይህን ያውቃሉ። የበተነው፣ ዶክተሩን አስር ሰዓት ላይ በሕይወት የነበረ ለማስመሰል የፈለገ፣ ግን ገንዳውን አይቶ የማያውቅ ሰው ነው።» ወደ ደላዊት ዞረች። «ሲያበላ አየሁ ያሉት እርስዎ ብቻ ነዎት።»



«ሁልጊዜ በአስር ሰዓት ነበር የሚያበላቸው። ውሃ እንደሚጠብቅ በምን አውቃለሁ?» አለች ደላዊት። «ዛሬ ደግሞ ሌሎች አኔሞኒዎች ላመጣ ከመቅዲ ጋር ጅቡቲ ልሄድ ነው አለኝ። ሁለት ወር።»

«ስምንት ዓመት ሙሉ እንዴት አንዴ እንኳን አያዩዋቸውም?»

«ካየኋቸው የምወዳቸው እየመሰለኝ» አለች ደላዊት።

ፖሊሱ ካቴናውን ከመቅዲ እጅ ፈታ።