ለዳህሊያ የያዝኩት ቦታ

ፈጠራ ነው የምትሉ ካላችሁ እዚሁ ላይ አቁሙ። የምጽፈው እናንተን ለማሳመን አይደለም።

በዓይኔ አይቼዋለሁ። በእነዚህ እጆቼ አስሬ፣ በእነዚሁ እጆቼ ፈትቼዋለሁ።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነበር። ጨለማ የለም። እንቅልፍ የለም። የሩም አረቄም አልቀመስኩም።

ካሪያኩ ደሴት ላይ፣ ማንግሮቩ ውስጥ፣ እስከ ጉልበቴ ውሃ ውስጥ ቆሜ ነበር። ትልቁ አውሎ ነፋስ ሲመሽ ይደርስብናል ተብሏል።

ባህሩ ግን ዘይት እንደፈሰሰበት ለጥ ብሎ ተኝቷል... ሰማዩ የቆየ ቁስል መስሎ ቢጫ ሆኗል።

እኛ ዘንድ ትልቅ ነፋስ ሲመጣ ጀልባ ሁሉ ማንግሮቩ ውስጥ ይገባል። ሥሮቻቸውን ባህር ውስጥ የተከሉ ዛፎች ናቸው፤ ጀልባዎቹን በመካከላቸው እናስገባና በገመድ እንጠፍራቸዋለን። መግቢያው አንድ አፍ ብቻ ነው። ሁሉም ከገባ በኋላ አፉ ይዘጋል።

አንድ ሕግ ደግሞ አለን። እኛ አገር ጀልባ እንደ ልጅ ክርስትና ትነሳለች። ማንግሮቩ ውስጥ የመጀመሪያውን ገመድ የምታስርላት ክርስትና እናቷ ናት። የምትፈታውም እሷ ናት። ሌላ ሰው አይነካውም።

እኔ የዳህሊያ ክርስትና እናት ነኝ። ዳህሊያ የታናሽ ወንድሜ የዩሪክ ጀልባ ናት። ጠዋት የዓሣ ወጥመዶቹን ሊያነሳ ወጥቶ አልተመለሰም።

ቦታው ባዶ ነበር። እኔም ባዶውን ቦታ ስጠብቅ ዋልኩ።

ሆሊስ ውሃውን እየረገጠ መጣ። የማንግሮቩን አፍ የሚዘጋው ሽማግሌ ነው። ቀና ሰው ነው ብዬ አልዋሽላችሁም። እሱም እንደ አገሩ ሰው ሁሉ ታንቲ፣ አክስቴ፣ ይለኛል።

"ታንቲ ሌኒታ፣ በቃሽ። የእህቴ ልጅ ጀልባ ውጭ ቆማለች። ቦታውን ልቀቂ።"

"አልለቅም።"

"ወንድምሽ ጅል ነው። በዚህ ቀን ወጥመድ ሊያነሳ በወጣ ሰው ዓሣው ራሱ ይስቅበታል!"

"የእህትህ ልጅስ? ሰው ሁሉ ጀልባውን ሲጠፍር እሱ ሲያንኮራፋ ነበር። ለሰነፍ ቦታ አልጠብቅም!"

"ዕድሜሽን ሙሉ እንደተጣላሽ ልትሞቺ ነው።"

"አንተ ደግሞ ዕድሜህን ሙሉ የሰው ቦታ እንደቋመጥክ!"

ከላይ ከመንገዱ ባለ ድምፅ ማጉያው መኪና 'ወደ መጠለያ ሂዱ' እያለ ይጮሃል። መጠለያ የሚሉት በተራ ዝናብ እንኳ የሚያፈስ ጣሪያ ነው። ባህር ገብቶ የማያውቅ ሰው መኪና ላይ ተቀምጦ ያዘናል... እንዴት እንዳናደደኝ!

ከዚያ ሸርጣኖቹን አየሁ።

ከጭቃው ወጥተው ዛፎቹ ላይ ተንጠልጥለዋል። ነፋስ ሲመጣ ይወጣሉ፤ ይህ አዲስ አይደለም።

ግን ሁሉም... ሁሉም ፊታቸውን ወደ ማንግሮቩ አፍ አዙረው ነበር።

እኔም ዞርኩ።

ዳህሊያ እየገባች ነው።

አረንጓዴ ቀለሟ ያው ነው። አፍንጫዋ ላይ ያለው ጭረትም ያው። ሞተሯ ግን አይሰማም። መቅዘፊያም የለም።

ከኋላዋም ውሃው አልተሰነጠቀም።

ዩሪክ ከፊት ቆሟል። ባርኔጣውን እስከ ቅንድቡ ደፍቷል።

"የት ነበርክ፣ አንተ ከንቱ!" ብዬ ጮህኩ። ከደስታዬ ብዛት ነው የተሳደብኩት።

"ሩቅ።"

"ወጥመዶቹስ?"

"ባዶ።"

"እና አሁን ምን ይገትርሃል? ዝለልና እርዳኝ!"

"ገመዱን እሰሪ፣ ሌኒታ።"

አሰርኩት። ድርብ አድርጌ፣ ጥርሴን ነክሼ። አሸነፍኩህ ብዬ ሆሊስን እያየሁ።

ሆሊስ ግን እኔን አያይም። ዩሪክን ነው የሚያየው።

ሸሚዙ ድርቅ ያለ ነው። ቀኑን ሙሉ ባህር ላይ የዋለ ሰው... አንገቱና እጆቹ ላይ ጨው ነጭ ሆኖ ጋግሯል። ብዙ ቀን ፀሐይ ላይ እንደተሰጣ ዓሣ።

ያኔ የሆሊስ መገናኛ ሬዲዮ ደረቱ ላይ ተንኮሻኮሸ።

"ሆሊስ... ሆሊስ... ዩሪክ ነኝ። ሳቶር ወደብ ገብቻለሁ። ዳህሊያንም እዚሁ አስሬያታለሁ። ለእህቴ ንገራት፤ ቦታውን ትልቀቀው።"

የወንድሜ ድምፅ ነው። ጥርጥር የለውም።

ሳቶር ያለው ከባህሩ ማዶ፣ ሌላ ደሴት ላይ ነው።

ጀልባው ላይ ያለው ሰው አልተንቀሳቀሰም።

"ፍቺው..." አለ ሆሊስ በሹክሹክታ።

"ዝም በል።"

"ያሰርሽው አንቺ ነሽ። እኔ አልነካውም። ፍቺው፣ ነፋሱ ሳይመጣ።"

ሬዲዮውን ከደረቱ ላይ ነጠቅኩት።

"አንተ! ዩሪክ ከሆንክ... እማማ ስትናደድ ምን ብላ ነበር የምትጠራህ?"

ይህን የምናውቀው ሁለታችን ብቻ ነን። እናታችን ከሞተች ቆይታለች።

ሬዲዮውን ጆሮዬ ላይ ለጠፍኩት።

"ቁንጫ" አለ ድምፁ።

"ቁንጫ" አለ ጀልባው ላይ ያለውም። እኩል። አንድ ላይ።

ሆሊስ ማማተብ ጀመረ። እኔ ማማተብም አቃተኝ።

አንደኛው ወንድሜ ነው። አንደኛው አይደለም። ጊዜ ደግሞ የለም... ከባህሩ በኩል የመጀመሪያው ነፋስ ቅጠሎቹን ገለበጣቸው።

ደረቁን ሸሚዝ አየሁ። ያልተሰነጠቀውን ውሃ አሰብኩ።

ፈታሁት።

ቋጠሮው ሲላላ ሰውዬው ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለ። ዓይኖቹ የዩሪክ ዓይኖች ናቸው። እንባ ሞልተዋል።

"ሌኒታ... እና የት ልሂድ?"

 ሁለት እጄን የጀልባዋ አፍንጫ ላይ አድርጌ ገፋሁ።

ነፋሱ ወደ እኛ እየነፈሰ፣ ጀልባዋ ወደ ነፋሱ ሄደች። ወደ ኋላዋ። እሱም ፊቱን ከእኔ ሳያነሳ።

ሆሊስ የማንግሮቩን አፍ በገመድ ዘጋው። ለቦታው ሲጣላኝ የዋለው ሰው የእህቱን ልጅ ጀልባ እዚያ አላስገባም አለ።

"ውጭ ትሰበር" አለ። "እዚያ አትገባም።"

ሌሊቱን አልነግራችሁም። ጣሪያችን ሄደ፣ ግድግዳችን ሄደ፣ እኛ ተረፍን።

ባህሩ ሲረጋ ከሳቶር ጀልባ መጣች። ዘልዬ ስለ ዩሪክ ጠየቅኩ።

"ዩሪክ? የዳህሊያው? እኛ ጋ አልመጣም፣ ታንቲ።"

"በሬዲዮ ተናገረ እኮ! ከእናንተ ወደብ! ዘጠኝ ሰዓት ላይ!"

የሳቶሩ ሰውዬ ሆሊስን አየው።

"ነፋሱ እንዳይሰብርብን ብለን የሬዲዮ ማማውን ጠዋት ነው ያወረድነው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከእኛ ዘንድ ማንም ሊናገር አይችልም ነበር።"

ዩሪክ እስከ ዛሬ አልተገኘም። ዳህሊያም። እንጨቷ እንኳ።

'የምትችይውን አድርገሻል' የሚሉኝ አሉ። ከፊቴ ዞር ይበሉ! ማንን እንደገፋሁ ሳያውቁ እኔን ማጽናናት ማን አስተማራቸው?

ከሆሊስ ጋር ወደ ማንግሮቩ ገባን። እኩለ ቀን ነበር። ነፋሱ ዛፎቹን አንድ ቅጠል ሳያስቀር ልጧቸዋል። ጀልባዎቻችን ተነባብረው ተሰባብረዋል።

ለዳህሊያ የያዝኩት ቦታ ብቻ... ዙሪያው አረንጓዴ ነበር። አንድ ቅጠል አልረገፈም።

ውሃው ግን እዚያ ጎድጉዷል። ከፊት ሹል፣ ከኋላ ሰፊ፣ ከባድ ጀልባ እንደተቀመጠበት።

ምንም አልተቀመጠበትም።

ባህሩ ዳር ዳሩን እየላሰ... ጉድጓዱን አይሞላውም።