በአቧራው ቀን ማን ሞላው?

እኔ ጂን፣ ዛር፣ ምናምን ሲባል ከሚስቁት ወገን ነኝ፤ አሥራ አንድ ዓመት በዚህ በመተማ ቆላ ሶላር ስጠግን ኖሬያለሁ፣ ሽቦ ወይ ኃይል አለው ወይ የለውም፣ ሦስተኛ ነገር የለም ባይ ነበርኩ። ይህን ግን እንደሆነው ነው የምነግራችሁ፣ ለማስዋብም አቅሙ የለኝም፣ ደክሞኛል።

ግንቦት ነበር። የእኛን ቆላ ግንቦት የቀመሰ ያውቀዋል፣ ሰዉ ሁሉ «ፀሐይ እንዲህ እየፈጀን እንዴት ኃይል ያንሳል?» እያለ ይጨቀጭቀኛል፣ እኔም ፓነል የሚፈልገው ብርሃን እንጂ ሙቀት እንዳልሆነ፣ ሲግል እንዲያውም እንደሚሰንፍ፣ አቧራ ሲለብስ ደግሞ ጭራሽ እንደሚተኛ ስናገር ምላሴ ደርቋል። ያን ሰሞን ሰማዩ ሦስት ቀን ሙሉ በአቧራ ጭጋግ ተሸፍኖ ስለነበር ስልኬ አላረፈም።

ከሁሉ ያስጨነቀኝ የሐጂ እድሪስ ጥሪ ነበር። ሐጂ ከኮኪት ወጣ ባለች የእርሻ መንደር ሱቅ አላቸው፣ ልጃቸው ዘይነባ የስኳር ታማሚ ናት፣ በየቀኑ የምትወጋው ኢንሱሊን የሚቀመጠው በሱቁ ትንሽ የሶላር ፍሪጅ ውስጥ ነው፣ የቀራትም አንድ ብልቃጥ ብቻ ነበር። ፍሪጁ ቆመ ማለት በዚያ ሙቀት መድኃኒቱ ተበላሸ ማለት ነው፣ ከዚያ በኋላ ያለውን እናንተው ጨርሱት።

በሞተር ስደርስ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ገደማ ነው፣ በሱዳን በኩል ሀቡብ የምንለው የአቧራ ማዕበል እንደ ግድግዳ ቆሞ ይመጣል። ገና ሱቁ ከመግባቴ ቀኑ ጨለመ፣ እመኑኝ፣ የገዛ እጄን አላየሁም። የእጅ ባትሪ አብርቼ ኮንትሮለሩን፣ ከፓነል ወደ ባትሪ የሚገባውን የሚቆጥረውን ሣጥን ማለቴ ነው፣ አየሁት። በዚያ ጨለማ ዜሮ ማለት ነበረበት። ስድስት አምፒር ይላል።

ተበላሽቷል ብዬ በራሴ መለኪያ ለካሁ፣ ሰባት። ከዚያ ድምፁ መጣ፣ ሽቦው ውስጥ ንብ የገባች ይመስል ቀጭን እዝዝታ። ብነካው ሞቋል። ዘይነባ ጥግ መደቡ ላይ ተቀምጣ ዓይኗን ከሣጥኑ አትነቅልም።

«ሐጂ፣ ፓነሎቹ ጣሪያው ላይ ናቸው አይደል?»

«ምን ነካህ ልጄ? አምና ሀቡቡ አንዱን ገንጥሎ ሰባበረብኝ እኮ። ወላሂ፣ ገና ከሩቅ ሳየው ነው ፈትቼ ያወረድኳቸው» አሉና ወደ ጓዳ መሩኝ።

ሁለቱም ፓነሎች አልጋ ላይ፣ ብርድ ልብስ ለብሰው ተኝተዋል፣ ሐጂ በሽተኛ እንደሚያስተኙ ነው ያስተኟቸው። መሰኪያቸው ከአልጋው ተንጠልጥሏል፣ ከምንም ጋር አልተያያዘም። ተመልሼ ሣጥኑን አየሁ፣ ዘጠኝ።

«ተወው ልጄ፣ አትንካው» አሉ ሐጂ ቀስ ብለው።

የጅብ ችኩል ቀንድ ይነክሳል፣ እኔም ነከስኩ። አሥራ አንድ ዓመት የለፋሁበት ሙያ ሲሳለቅብኝ እንቢ አለኝና ከጣሪያው የሚወርደውን ሽቦ ነቀልኩት። እዝዝታው ቆመ። መልሼ ሰካሁት፣ ዜሮ። ጠርጌ ሰካሁት፣ ዜሮ። ባትሪውን ብለካው ባዶ ነው፣ ፍሪጁን እስከዚያ ምን እንደያዘው እግዜር ይወቀው፣ ወዲያው ተንገራግጮ ቆመ።

ሐጂ አልተቆጡም፣ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ብልቃጡን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው ዚር የምንለው የሸክላ የውኃ ጋን ስር አስቀመጡት። ማዕበሉ ሲያልፍ ፓነሎቹን መልሰን ሰቀልን፣ ጭጋጉ ግን ሁለት ቀን አልለቀቀም፣ ለፍሪጅ የሚበቃ ኃይል አልገባም፣ እኔም እፍረቱ አላስኬድ ብሎኝ እዚያው ቀረሁ። ዘይነባ ያንኑ መድኃኒት ተወጋች፣ በሁለተኛው ቀን ግን ውኃ ውኃ ትል፣ ያስመልሳትም ጀመር። በሞተሬ እንዳልወስዳት አቧራ ገብቶበት አልነሣ ብሎኛል፣ የማደርገው ጠፋኝ፣ እንደዚያን ቀን ራሴን ጠልቼ አላውቅም።

በማግስቱ ትራክተር ተገኝቶ ወደ ሐኪም ቤት ልንጭናት ስናነሣት እጄን ያዘችኝ።

«አልቀየምህም ወንድሜ» አለችኝ ከንፈሯ ደርቆ፣ «ግን ሊያግዘን መጥቶ ለምን አባረርከው?»

«ማንን?»

ትራክተሩ ተነሣ።

ተርፋለች፣ ተመስገን። አንዳንዴ እደውላለሁ፣ ጤናዋን ትነግረኛለች፣ እንስቃለን፤ ማንን እንደሆነ በጠየቅኳት ቁጥር ግን ስልኩን ለአባቷ ትሰጣለች።